የሞሪሸሷ ሮዝ እርግብ

በርበሬ በረንዳ ገበያ ለሚሠራ ሰው ሮዝ እርግብ ብርቅ አይደለችም። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የሚለቅሙት እርግቦች ጠዋት ነጭ ሆነው መጥተው ማታ የበርበሬ ብናኝ ለብሰው ሮዝ ሆነው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሞሪሸስ የምትባል ደሴት ላይ ሆቴል ተቀጥራ የሄደችው ልጄ ሰገነት የሮዝ እርግብ ፎቶ ልካ፣ «እማ፣ ከዚህ ደሴት ሌላ የትም የለችም፤ ልትጠፋ የደረሰች ወፍ ናት» ስትለኝ ክው አልኩ።

አጠገቤ የምትነግደው ሐመልማል ስልኩን ነጥቃኝ አየችና ሳቀች።

«ይቺማ የኛዋ ናት! የተነሰነሰባት እንኳ የማረቆ በርበሬ ነው። ልጅሽ እዚሁ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቤት ተከራይታ ተቀምጣለች በይኝ።»

እሷ ቀለደች፤ እኔ አመንኩ። ኤርፖርት የሸኘኋት እኔው ነኝ፤ ግን ገብታ በሌላ በር ብትወጣስ? ደላላ አታልሏት፣ አፍራ ተደብቃ ቢሆንስ? ወዲያው በቪዲዮ ደወልኩ።

«አሁኑኑ ወፏን አሳዪኝ!»

«ጫካ ውስጥ ነኝ እማ፣ ቀስ በይ፤ ትበራለች» አለች በሹክሹክታ፤ ስልኩንም ወደ ቅርንጫፉ አዞረችው። እርግቧ ኩፍ ብላ ተቀምጣለች።

አንድ ተሸካሚ «ወግድ! ወግድ!» እያለ ጆንያ ይዞ መጣ።

«ዝም በል አንተ፣ ወፏን ታባርራለህ!» አለችው ሐመልማል።

«የቷን ወፍ?»

«ሞሪሸስ ያለችውን!»

እሱም ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ አብሮን ያይ ጀመር።

«ሰገነት፣ እጠቢያት» አልኳት።

«ማንን?»

«እርግቧን። በርበሬ ከሆነ ይለቃል።»

«እማ! መንካት ክልክል ነው!»

«ይኸው፣ የሚለቅ ባይሆን መች ትፈራ ነበር?» አለች ሐመልማል።

በዚህ መሃል እዚያ ዝናቡ ወረደ። ሰገነት ልትጠለል ስትል «ንቅንቅ እንዳትዪ!» አልኳት። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። እርግቧ አንገቷን ቀብራ ተደበደበች፤ ከዚያ ክንፏን አራገፈች። የተራገፈው ውሃ ንጹህ፤ እሷም እንዳለች ሮዝ።

«አልለቀቀም» አለ ተሸካሚው።

እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ልጄ እውነቷን ነው። እውነቷን ከሆነ ደግሞ ባሕር ተሻግራ፣ ሰው በሌለበት ጫካ፣ በስብሳ ብቻዋን ቆማለች።

«ሰገነት! እዚያ ነብር አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

እርግቧ በረረች።