የዋቅጅራ ዘነዘናዎች

«በምንድን ነው የምትወቅጪው?»

አስቴር ከፍራሹ ሳትነሣ ነው የጮኸችው። ባሏን ዋቅጅራን ከቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣት ሴት እንዲህ ስትጮህ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ማርቲ በጓሮው በር ብቅ አለች። እድሩ ውስጥ ከገባች ገና ወር አልሞላትም። በእጇ አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የወይራ ዱላ ይዛለች፤ ጫፉ ላይ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል።

«በዘነዘናችሁ ነዋ፣ እትዬ። አልጋ ሥር አገኘሁት። ደግሞ ሁለት ነው ያላችሁ!»

«የዋቅጅራ ስፖርት መሥሪያ ነው እኮ፣ የኔ እናት» አለች አስቴር።

ማርቲ ዱላውን አየችው፣ ሽንኩርቱን አየችው፤ የምትገባበት ቀዳዳ አጣች። የአስቴር ጎረቤት ለተሥላሴ ተነሥታ ዱላውን ተቀበለቻትና ልታጥበው ይዛው ወጣች።

ለነገሩ በማርቲ አይፈረድም። ሰፈሩም «የዋቅጅራ ዘነዘና» ነበር የሚለው። ዋቅጅራ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ በተማሪነቱ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ያሳየው ስፖርት ትዝ አለውና ሾላ ገበያ ወርዶ ዱላዎቹን አስጠረበ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ ሁለቱን በራሱ ዙሪያ ያሽከረክራል። ለሩጫ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ወጣቶች በአጥሩ በኩል ቪዲዮ ይቀርጹታል፤ እሱም ይህን ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል።

አምና የአስቴር ቀኝ ትከሻ ተያዘ። እጇ ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ነው አንዱን ዱላ ያስጨበጣት።

«ዶሮ ነው እንዴ የምታንቂው? ለቀቅ አድርጊው! ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይወጣል። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።»

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቷን መታች። በሁለተኛው የልብስ ገመዱን በጠሰች። በሦስተኛው የእሱን ጆሮ አገኘችው።

«ጎበዝ ተማሪ!» አለ ጆሮውን ይዞ፣ «አስተማሪዋን በሦስት ቀን ጣለች።»

እጇ እስኪሻላት ድረስ ሻሿን የሚያስርላት እሱ ነበር። የሚያውቀው የጭነት አስተሳሰር ነው፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ይቋጥርና ሁለቴ ሳብ ሳብ ያደርገዋል። «ጭነቱ ተይዟል፣ መንገድ!» ይላል። በዚያ ቋጠሮ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መዘምራኑ ይስቁባት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን፣ ሳታስበው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆ አወረደች። እጇ ድኗል! ልትነግረው ስትዞር ሻሹን ይዞ መጣ። ከኋላዋ ቆመ፤ ትንፋሹ አንገቷን ነካት። ሳትነግረው አንገቷን ቀለስ አደረገችለት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ «እሺ፣ እጅሽ ራስሽ ጋ አልደረሰም?» ይላታል።

«ገና ነው» ትለዋለች።

እሑድ ጠዋትም ጠየቃት፤ ገና ነው አለችው። «እንግዲህ አስተማሪው ነው የማይረባው» ብሎ አሰረላት። ከሰዓት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ሰው «ጌታ ያጽናናሽ» ባላት ቁጥር ያቺ «ገና ነው» ትዝ ትላታለች። ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ መስሎት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ለተሥላሴ ዱላውን አጥባ፣ ፀሐይ አስመትታ አመጣችውና አጠገቧ ተቀመጠች። አስቴር አልቻለችም፤ በጆሮዋ ሁሉንም ነገረቻት።

ለተሥላሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች ሲሏት እየሳቀች ነው።

«አንቺ ሞኝ! ያውቅ ነበር እኮ!»

«ምኑን?»

«ብርድ ልብስ ስትሰቅዪ እኔና እሱ በራፌ ላይ ቆመን አየንሽ፤ ሁለት እጅሽን ሽቅብ ዘርግተሽ! ‹እልል! ድናለች› ልል ስል አፌን ያዘኝ። ‹እባክሽ ለተሥላሴ፣ እንዳትነግሪያት፤ ያወቅኩ ከመሰላት ሻሿን ራሷ ታስራለች› አለኝ።»

አስቴር ሳቀች። አንዲት ሴት «ሐዘኑ አዞራት» ብላ ሹክ አለች። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ዱላውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። አሁንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።

ጥቁሩ ሻሿ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ለተሥላሴ ልታስርላት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው።»

ሁለቱን እጆቿን ቀስ ብላ አነሣች። ሻሹን ጠመጠመች፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ቋጠረች፤ ከዚያም ሁለቴ ሳብ፣ ሳብ አደረገችው።