የአንተነህ ልብ እንግድነት መጣች

ቅዳሜ ከሰዓት የሚስቴ ወንድም የአንተነህ ልብ ከደረቱ ወጥታ ቤታችን መጣች። ቀስ ብላ አንኳኳች። ከፈትኩላትና በርጩማ ሰጠኋት። ጭብጥ የምታክል ነገር ናት፤ እግር የላትም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አልጠየቅኳትም፤ እንግዳ እንዲህ አይጠየቅም።

"ደክሞኛል ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ" አለች። ውሃ አቀረብኩላት።

አንተነህ ለሠርጉ ሰውነት እየሠራ ነው። ጂም አንድ ጓደኛው ስም የሌለው ክኒን ሰጠው። ወዲያው አንገቱ ጠፋ፤ የሙሽርነት ሱፉን ልብስ ሰፊው ሁለቴ አሰፋለት። ደግሞ ደግ ልጅ ነው፤ ብቻውን አይበላም። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ክኒኑን በእንጀራና በሽሮ ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣው።

"ተው፣ ለእኔ ቦርጬ ይበቃኛል።"

"በሞቴ ጋሼ! ለወገብ ነው።"

በሞቴ ከተባለ እምቢ አይባልም። ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመኝ።

ሚስቴ የሺ የወንድሟን ልብ በርጩማ ላይ ስታይ ደወለችለት።

"አንተ፣ ልብህ እዚህ ናት። ና ውሰዳት!"

"እኔ'ኮ ደህና ነኝ። እንዲያውም ቀለል ብሎኛል።"

መጣ። በበሩ የገባው በጎኑ ነው። የሺ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ግቢ፣ እህቴ፣ ግቢለት" ብላ የወንድሟን ልብ ለመነቻት።

"የት ልግባ? ቦታዬን ሥጋ ሞላው።"

"ክኒኑን ተው አንቱዬ" አለች የሺ እያለቀሰች።

"ሠርጉ ይለፍ፣ እተዋለሁ። እሷም ያኔ ትመለሳለች።" ለእንግዳዋ ልብ ባቀረብኩት ውሃ ሌላ ክኒን ዋጠና ለመሄድ ወደ በሩ ዞረ።

የአንተነህ ልብ በርጩማው ላይ መምታት አቆመች።

አንተነህ ግን አልወደቀም። ክንዱን እንዳጠፈ፣ ፈገግ እንዳለ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እጁን ነካሁት፤ የቧንቧ ብረት ነው። ትከሻው ግን አሁንም እያደገ ነው። መቃኑ ሲንቋቋ ይሰማኛል። በሩን ሞላው፤ መውጫ የለንም።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ሁለቴ።

"ማነው?" አለች የሺ በሩን እያየች።

እኔ ከውስጥ የተንኳኳውን ደረቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።