ሪባን የታሰረበት ሽንት ቤት

ቧንቧ ሠራተኛው የሴት ልጁ ከንፈር ለምን እንደሚሰነጣጠቅ የገባው፣ ሰባተኛ ክፍል በገባች በአራተኛው ሳምንት፣ ሐኪሙ «ይቺ ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟታል።

«ጠጥቼስ የት ልሽና፣ አባዬ?» አለች ከዊልቸሯ ላይ ሆና።

የድሮ ትምህርት ቤቷ አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ፣ ከክፍሉ አጠገብም ዊልቸር የሚያስገባ ሽንት ቤት ነበረው። አዲሱ ግን በየክፍለ ጊዜው ክፍል ያስቀይራል፤ የሽንት ቤቱ በር ጠባብ፣ ደፉ ከፍ ያለ፣ ወለሉም ሁልጊዜ ረግረግ ነው።

በማግስቱ ሄዶ አየ። ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ሌላ ሽንት ቤት አለ፤ ሰፊ በር፣ የእጅ መደገፊያ፣ አዲስ ሴራሚክ። ተቆልፎ ቀይ ሪባን ታስሮበታል።

«አልተመረቀማ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የሚመርቁልን የክብር እንግዳ ቀን እስኪቆርጡልን ነው። ትንሽ ይታገሱ፣ አባት።»

«እኔስ ልታገስ። የእሷን ፊኛ ማን ያስታግሥልኝ?»

ርዕሰ መምህሩ ሳቀ።

ምርቃቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ሆነ። ልጅቷን ከፊት አድርገው፣ አበባ አስታቅፈው ፎቶ አነሷት። እንግዳው ስለ እኩልነት ተናገሩ፣ ሪባኑን ቆረጡ፤ ከዚያ «እስቲ ልሞክረው» ብለው ገቡ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ገባ፣ ቀጥሎ ጸሐፊው፤ በግቢው ንጹሕ ሽንት ቤት እሱ ብቻ ነበርና መምህራኑም ተሰለፉ። ልጅቷ አበባዋን እንዳቀፈች ጭራ ላይ ቀረች።

«አባዬ፣ አልቻልኩም» አለች በሹክሹክታ።

«ዞር በሉ» አለ አባት፣ ድምፁን ሳያነሣ። ሰልፉን ሰንጥቆ ገፍቶ አስገባት። ወለሉ በሽንትና በጫማ ጭቃ ተለውሷል፤ መቀመጫው ርሷል፤ አንዱ ትልቅ ሰው ውሃ እንኳ አልለቀቀበትም። አባት እጅጌውን ሰብስቦ ጠረገው።

«ካንተ በቀር የተማረ ሰው የለም ማለት ነው» አለች።

ስትወጣ ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። «እንዳይበላሽ እንቆልፈዋለን። ስትፈልግ ቢሮ መጥታ ትጠይቅ።»

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አባት ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ የውጭ መቆለፊያውን ከበሩ ነቅሎ በርዕሰ መምህሩ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ይሄ እኮ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ለዚያ ነው የሰጠሁዎት። ለእሷ የውስጡ መቀርቀሪያ ይበቃታል።»