ማክሰኞ ያልተነካው ስም

እዚህ ኔፓል፣ ቡትዋል ከተማ ውስጥ ኢንተርኔትን ማን አስገባው ብላችሁ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ ሎክ ራጅ ይላችኋል። ካላላችሁ ሰውየው የሌላ አውራጃ እንግዳ ነው። ከእኔ በፊት ይህ ከተማ ኮምፒዩተርን የሚያውቀው በባንክ መስኮት አሻግሮ ነበር። ቲናው ወንዝ ዳር ያለችው ሱቄ ፎቶ ታነሳለች፣ የፓስፖርት ማመልከቻ ትሞላለች፣ ስልክ ትጠግናለች። የተረፈው ጊዜዬ ለዓለም ነው።

የባይ ቲካን፣ የእኅትና የወንድምን በዓል፣ ገጽ የሠራሁትም ብቻዬን ነው። ግማሹን ኮድ በነፃ ከሚያድሉ ሰዎች ወስጃለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪም ቢሆን ስንዴውን አልፈጠረውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እኅት እዚህ ሱቄ ውስጥ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች፣ ወንድም በሰው አገር ስልኩ ላይ ገጹን ይከፍታል፣ በደጊቱ ሰዓት ይተያያሉ። በዓመት አንድ ቀን፣ ኮከብ ቆጣሪዎች ባወጧት ሰዓት፣ እኅት የወንድሟን ግንባር ሰባት ቀለም ቲካ ካልቀባችው፣ ዙሪያውንም በዘይት ቀለበት ካላጠረችው፣ የሞት ንጉሥ ያማን የሚያግደው ነገር የለም። በስልክ መተያየት ማንን ቸገረው ትሉኝ ይሆናል። ልጆቻችን በዓረብ አገር የሚያድሩባቸው የሠራተኛ ካምፖች የስልክ መተያያውን ይዘጉታል፤ ድረ ገጽ ግን ያሳልፋሉ። ይህቺን ቀዳዳ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሌላ አገር ቢሆን ሐውልት ያቆሙልኝ ነበር።

ገጹ የተቀመጠው ክላውድ ላይ ነው፤ ባሕር ማዶ በተከራየሁት ኮምፒዩተር ማለት ነው። አከራዮቹ የራሳቸውን አድራሻ ይሰጧችኋል፤ ሦስት የማይተዋወቁ የፈረንጅ ቃላት፣ ከኋላቸው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ኋላ የኩባንያው ስም፣ ጅራቱ የማያልቅ። እንዲህ ያለው አድራሻ እንደ ውስጥ ሱሪ ነው። ያስፈልጋል፣ ለእንግዳ ግን አይታይም። ለእንግዳ የሚታየው በራሴ ስም የገዛሁት አጭሩ አድራሻ ነው። የሱቄ መዝጊያ ላይ በቀይ ቀለም አስጽፌዋለሁ፤ አብራሪዎች ከሰማይ ያነቡታል ይባላል። ቀድሞ ያ ስም የሚያሳየው ሥጋ የተጠቀለለበት የእንፋሎት ሊጥ የምሸጥበትን፣ በኋላ የዘጋሁትን ሞሞ ቤቴን ነበር። እንግዲህ የቀረኝ ሥራ ስሙን ከሞሞው አላቅቆ ወደ አዲሱ ገጽ ማዞር ነበር። አንዲት መስመር መለወጥ።

ሰኞ ገጹ ገና አላለቀም። ማክሰኞ አለቀ። ማክሰኞ ግን እኛ ዘንድ ጢም እንኳ አይላጭም፣ ማን ሥራ ይጀምራል? ኮከብ ቆጣሪውን ፓንዲት ጠየቅኩት። ረቡዕ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ፀሐይ ኮረብታውን እንዳለፈች ደግ ሰዓት አለ አለኝ። ኪቦርዱ ላይ ቢጫ አበባ በትኜ ሰዓቷን ጠብቄ መስመሯን ለወጥኩ።

«ትናንት ቢለውጧት ኖሮ ጣትዎ ይቆረጥ ነበር?» አለችኝ ባለቤቴ ባግዋቲ። እንደ ደንቡ አንቱ ትለኛለች፤ ስድቧንም በአንቱታ ጠቅልላ ነው የምታቀርበው።

«ሴትዮ፣ ይኸው ተከፈተ! ነይ እዪ!»

እውነትም ተከፍቶ ነበር። ስሜን ስጽፍ አዲሱ ገጽ፣ ከነአበባ ጉንጉኑ፣ ፏ ብሎ ወጣ። በስልኬ ሞከርኩ፣ ወጣ። በባግዋቲ ስልክ ሞከርኩ፣ ወጣ።

«ዛሬ ቡትዋል፣ ነገ ካትማንዱ» አልኩ።

«ከነገ ወዲያስ ጨረቃ?» አለችና የበዓሉን የሩዝ ዳቦ፣ ሴል ሮቲዋን ልትጠብስ ገባች።

ቀድማ የደረሰችው ኢምካላ ነበረች። ከላይ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች፤ ወላጅ የላትም፤ ያላት ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ቴክ ብቻ ነው። እሱ በባሕረ ሰላጤው ብረት ይበይዳል። የናስ ሳሕን በሁለት እጇ ይዛ ገባች፤ ሰባቱ ቀለም፣ ዘይቱ፣ የማይጠወልገው የማካማሊ አበባ ጉንጉን፣ ያማን ለማባረር ደጃፍ ላይ የሚሰበረው የዋልነት ፍሬ፣ አንዱም አልጎደለም።

«ሎክ ዳይ፣ ይሠራል አይደል?» አለች፤ ዳይ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

«ባሂኒ፣ እኅቴ፣ እኔ የሠራሁት ነገር መቼ ነው ያልሠራው?»

«አምና ኔትወርኩ ተቋርጦ ሰዓቷ አመለጠችን። በሳምንቱ ማሽኑ የቴክን ሁለት ጣት ወሰደው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዘንድሮ ረጅም ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው።»

«በእናት አምላካችን በማናካማና እምላለሁ» አልኳት ደረቴን መትቼ። «እንኳን ቴክን፣ ማርስ ላይ ያለ ወንድም ቢኖርሽ አገናኝሽ ነበር።»

ደጊቱ ሰዓት ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ተኩል አለፍ ስትል ነበረች። እሱ ያለበት ገና ጠዋት ስለሆነ የቴክ የቁርስ ዕረፍትም ከእሷ ጋር ገጠመ። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ኮምፒዩተሬን ትራስ ላይ አስቀመጥነው። ኢምካላ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ቴክ የስልኩን ምስል አንስቶ ልኮላት ነበር። አየችው፤ ከዚያም እኔን አየችኝ።

«ዳይ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሞሞ ነበር። እንፋሎቱ የሚታይ፣ ቀይ ዳጣ ያለበት፣ «በሎክ ራጅ ሞሞ ቤት እንኳን ደህና መጡ» የሚል። ከሥሩ ቴክ «ዲዲ፣ እዚህ የሚታየኝ ሞሞ ብቻ ነው» ብሎ ለታላቅ እኅቱ ጽፏል።



«ምንም አይደለም፣ ያድሰው በይው» አልኳት። አደሰው፤ ሞሞ። ስልኩን አጥፍቶ አበራው፤ ሞሞ። እኔም መስመሯን ሰርዤ እንደገና ጻፍኳት፣ ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁት፣ ኪቦርዱን እንኳ በጨርቅ ወለወልኩት። እዚህ አዲሱ ገጽ ፍንትው ብሎ ይታያል። እዚያ ሞሞ ነው።

«ቀድሞ ከፍቶት ያውቃል?» አልኳት።

«ትናንት ማታ። ስሙን ስነግረው እስኪ ልለማመድ ብሎ ሞከረው። ያኔም ሞሞ ነበር፤ ነገ ይለወጣል ብለውኛል አልኩት። ጥፋት ነው?»

ያኔ ገባኝ። ስም ሲጠራ፣ በየአገሩ ያሉ ኮምፒዩተሮች የት እንደሚያደርስ ጠይቀው መልሱን ይይዙታል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዙት የሚያዘው የስሙ ጌታ ነው። እኔ በሞሞው ዘመን አንድ ሙሉ ቀን ያዙት ብዬ ነበር፤ ማን ሞሞ ቤት በየሰዓቱ ያዛውራል? ያንን ጊዜ ማሳጠር የነበረብኝ አስቀድሜ ነው። ማክሰኞ። አሁን እነቴክ ያሉበት አገር ኮምፒዩተር ትናንት ማታ የሰማውን መልስ ይዟል፤ እስከ ዛሬ ማታ ብለምነውም ብረግመውም አይለቅም። በዓለም ላይ ከእኔ በስተቀር ይህን በዚያች ፍጥነት የሚረዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። መረዳቴ ግን ለኢምካላ ምን ይረባታል?

ሰዓቱን አየሁ።

«ትንሽ እንታገሥ» አልኩ። «ስሙ በመንገድ ላይ ነው።»

ባግዋቲ እጇ ዱቄት እንደሆነ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «በምን ነው የሚመጣው፣ በበሬ ጋሪ? የአከራዮቹ አድራሻ የታለ? ያ ረጅሙ?»

«እሱማ አለ፤ ግን...»

«ግን ምን?»

«ለሰው የሚሰጥ አይደለም። እዪው እስኪ፤ ሰካራም የጻፈው ነው የሚመስለው። መዝጊያው ላይ የተጻፈውስ? ነገ ቡትዋል ምን ይለኛል?»

«ቡትዋል የሚልዎትን ድሮም ብሎ ጨርሷል» አለች ባግዋቲ።

ኢምካላ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ዋልነቱን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ግድግዳው ሰዓት ታያለች። የዋልነቱ ቅርፊት ከቀለበቷ ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ አንጀቴን በላው።

ረጅሙን አድራሻ በስልክ መልእክት ላኩለት። ደረሰ የሚል ምልክት አልመጣም። እንደገና ላኩት። ዝም። በበዓል ቀን ኔፓል ሁሉ ለወንድሙ ስለሚልክ መልእክቱ እንደ ሕዝብ ትራንስፖርት ተሰልፎ ይሆናል። ደወልኩ። ጥሪው ሄደ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ ተነሳ።

«ሎክ ዳይ! እዚህ ጩኸት ነው! አለቃው እየመጣ ነው!»

«ወንድሜ፣ ስሙን ተወው! የኔን ስም ተወው! የምነግርህን ጻፍ!»

ፊደል በፊደል ጠራሁለት። ከወዲያኛው ጫፍ የቴክ ትንፋሽና የብረት ጩኸት ይሰማኛል።

«ፈጠን በላ!» አልኩት።

«ዳይ፣ የምጽፍባቸው ጣቶች እኮ ናቸው የሄዱት» አለ፤ ቀልድ አስመስሎት። «በግራዬ ነው። ቀስ ብለው ይጥሩልኝ።»

ኢምካላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ቀስ አልኩ። እያንዳንዱን ፊደል እንደ እንቁላል ሰጠሁት። ቁጥሩ ላይ ተሳሳተ፣ መለስኩት። በቃላቱ መሐል ያለችውን ጭረት ረሳ፣ መለስኩት።

«ጨረስኩ» አለ ቴክ። «ይሽከረከራል።»

እኛ ጋ ጥቁር ነው። ጥቁር። ከዚያ አንድ ግራጫ ነገር መጣ፤ የፎቅ ቋሚ ብረት፣ ሰማይ፣ ቢጫ የራስ ቆብ። ከቆቡ ሥር የቴክ ፊት፣ ከበዓሉ በፊት ጀምሮ ያልታጠበ።

«ዲዲ!»

«ቆቡን አውልቅ!» አለች ኢምካላ፤ ሌላ ሰላምታ የላትም።

ሰዓቷ ገብታ ነበር። ሣር በዘይቱ ነክራ በትራሱ ዙሪያ፣ በውዱ ኮምፒዩተሬ ዙሪያ፣ ቀለበት አፈሰሰች፤ የቻርጀሩ ገመድ እንኳ ጠጣ። ወደ ደጃፉ ሮጣ ዋልነቱን መሬት ላይ አስቀምጣ በድንጋይ መታችው። አልተሰበረም። ባግዋቲ «ወይኔ» አለች። ኢምካላ ደግማ በሙሉ ኃይሏ መታችው፤ ፍርክስክስ አለ። ተመልሳ ተንበረከከች፣ ሰባቱን ቀለም አንዱን በአንዱ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ልክ ግንባሩ ባለበት ቦታ ቀባች። ቴክ እንዳይነቃነቅ አንገቱን ገትሯል። ጉንጉኑን በስክሪኑ ጫፍ አንጠለጠለችው።

ከዚያ እጇን አውርዳ ተቀመጠች። ፊቷ ግን አልፈታም።

«ሎክ ዳይ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «መስታወት ላይ የተቀባ ይቆጠራል? ያማ ያየዋል?»

መልስ የማላጣ ሰው ነኝ። አፌ ላይ አራት መልስ መጥቶ ነበር፤ አንደኛው የፓንዲት፣ ሌላው የሳይንስ፣ ሁለቱ የራሴ። ግን ያን ጠዋት አንዴ በማናካማና ምዬላት ነበር፤ ዓይኗም መሐላዬን የምትመዝን ይመስል እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ።

የመለሰላት ቴክ ነው።

«ዲዲ፣ ምን ማለትሽ ነው? ቀለሙ እኮ ቀዘቀዘኝ!» አለ። በደህናው እጁ ግንባሩን ነካ፣ ጣቶቹንም አተኩሮ አያቸው። «እዪ፣ ቀዩ ነው የወጣው። ቢጫውም አለ። አንድ ፊሊፒናዊ ጓደኛዬ ምን ተቀባህ እያለ ይጠይቀኛል።»

ጣቱ ላይ የነበረው የብረት ጥላሸት ነው። ጉራን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አርሜና ቃኝቼ፣ በሠርግም በምርጫም አሰምቻታለሁ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉራ፣ ፊት ሳይፈታ ሳይኮማተር የተነገረ፣ ከእኔ ሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሊያጋልጠው የመጣብኝን ሳል ዋጥኩት።

«እውነትህን ነው?» አለች ኢምካላ።

«ለምን እዋሻለሁ? ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ ነው የምፈራው።»

ከበስተኋላው ፊሽካ ተነፋ። ቆቡን አነሳ፤ ግንባሩን እንዳይነካበት ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ደፋው። ኢምካላ ያኔ ነው የሳቀችው፤ እንባዋ እየወረደ ባግዋቲ የጠበሰችውን ሴል ሮቲ አንስታ ስክሪኑ ላይ ወዳለው አፉ አስጠጋችለት።

«ሳትበላ እንዳትወጣ» አለችው። «አንዴ ግመጥ።»

ቴክ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ብረቱ ሁሉ ከኋላው እየጮኸ፣ ገመጠ።