ለድህነት ሁለት ምስክር

ቡርቱካን አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን አላቆመም። ሰኞ ጠዋት መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ እናቷን ከላይ እስከ ታች ቃኘቻትና፣ "እማዬ፣ ደሃ ነኝ ልትይ ነው ወይስ ልትዳሪ?" አለቻት።

"ዝም በይ! ዳኛ ፊት ቡትቶ ለብሼ ልቁም?" አለች አለሚቱ።

ጥልፍ ቀሚሱም የብር ድሪውም የጎረቤታቸው የእትዬ ሙሉ ናቸው። ጃንጥላው ደግሞ የአቶ ገበየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ አለሙ ማሳዋን አርሶ ይበላል። እንዳትከሰው ለዳኝነት የምትከፍለው ገንዘብ የላትም። ማመልከቻ የጻፈላት ሰው፣ "ደሃ መሆንሽን በመሐላ አረጋግጪ፣ ንብረትሽን አስመዝግቢ፣ ሁለት ሰው አስመስክሪ፤ ያለ ክፍያ መክሰስ ይፈቀድልሻል" ብሏታል። ካልተፈቀደላት ዘንድሮም አዝመራው የአለሙ ነው። ምስክሮቹም እነዚሁ ባለ ድሪዋና ባለ ጃንጥላው ናቸው።

ወልድያ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። አለሚቱን አዩ፣ ድሪውን አዩ፣ ማመልከቻውን ደግመው አነበቡ።

"ምስክር ይናገር!"

አቶ ገበየሁ ምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጌታዬ፣ አለሚቱ የጨዋ ልጅ ናት። ደሃማ ጠላቷ ይሁን! ከቤቷ ገብቶ ሳይበላ የወጣ የለም።"

ቡርቱካን ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው በልተው የወጡት ትናንት ነው፤ ሽሮውም ከጎረቤት የመጣ ነበር።

እትዬ ሙሉ ባሰች። "እንኳን እሷ ደሃ ልትባል፣ ለደሃ የምትደርስ እሷ ናት!"

አለሚቱ አንገቷን ደፋች። ደስ ብሏታል፣ ሞኝ!

ዳኛው ሊከለክሉ ብዕራቸውን ሲያነሱ ቡርቱካን ብድግ አለች። "ጌታዬ፣ ንብረቷ ሳይመዘገብ?"

"ማን ናት ይህቺ?"

"ልጇ ነኝ። ይጻፍ ጌታዬ፦ ጎጆ አንድ። ዶሮ አንዲት፣ እሷም የምትጥለው ሰው ቤት ነው። የብር ድሪ አንድ። ጥልፍ ቀሚስ አንድ። ከአስመራ የመጣ አዲስ ጃንጥላ አንድ!"

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። "ጃንጥላ... አንድ..."

"ቆይ! ቆይ ልጄ!" አቶ ገበየሁ ዘለው ተነሡ። "ጃንጥላው የኔ ነው! የመንግሥት መዝገብ ከገባማ አበቃለት!"

"ድሪውም የናቴ ውርስ ነው! ቀሚሱም የኔ! በንጉሡ አምላክ ይሰረዝልኝ!" አለች እትዬ ሙሉ።

"ታዲያ የሷ የትኛው ነው?" አሉ ዳኛው።



"የሷማ... ዶሮዋ ናት" አሉ አቶ ገበየሁ ቀስ ብለው። "ጎጆዋም ያፈሳል። ሰውን ፊት ለፊት ደሃ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው፣ ጌታዬ።"

ዳኛው ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። "ነውሩን ለኔ ተዉት" አሉና ፈረሙ፤ ማኅተሙም ዷ አለ። ያለ ክፍያ እንድትከስ ተፈቀደላት።

ደጅ ሲወጡ ዝናብ ጀምሯል። አለሚቱ ልጇን በክርኗ ጎሸመቻት። "አዋረድሽኝ!" አለች፤ ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ትስቃለች። ድሪውን ልትፈታ ስትል እትዬ ሙሉ እጇን ያዘቻት።

"ተይው! አለሙ መንገድ ላይ ቢያይሽስ? እንዳማረብሽ ይይሽ።"

አቶ ገበየሁም ጃንጥላውን ዘርግተው ሰጧት። "መርሳ እስክንደርስ ያዢው" አሉና፣ ወደ ቡርቱካን ዞር ብለው፣ "ይህቺ ልጅ ግን እንዳታስመዘግበው!" አሉ።