አራት ጊዜ የወደቀው ፎቅ

የሥራ ባልደረቦቹ ደንባራው ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም፤ ሥራው ከግድግዳ ጋር መጋጨት ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ሂካዶ በምትባል፣ በሌለች ከተማ ውስጥ እየዞረ እያንዳንዱን ግድግዳ በግንባሩ ይገፋል። ሰው የሚያሳልፍ ግድግዳ ካገኘ ጉድለት ብሎ ይመዘግባል፤ ካላገኘ "ደህና ነው" ብሎ ይፈርማል። ሰው ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል? ይከፈለዋል እንጂ!

ሂካዶ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ትኖራለች የተባለች የጃፓን ከተማ ናት። ጃፓንን በዐይኑ ያየ ሰው ቢሮው ውስጥ አንድም የለም፤ ዐይናቸውን በጨው አጥበው ነው የሠሯት። የሚበር ባቡር አላት፣ ዝናቧ አያባራም፣ መሐሏ ላይ ባለ ሰማንያ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ጨዋታው እስካሁን አራት ክፍል ወጥቶለታል፤ አምስተኛው በሥራ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ጠላት መጥቶ ያን ሕንፃ ይጥለዋል፤ በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ እንደነበረ ተሠርቶ ይገኛል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው። ደንባራውም ሰባት ዓመት ሙሉ ቅር ሳይለው ሲገፋና ሲፈርም ኖሯል።

በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንዲሉ፣ ይህ ሰው ፍቅር ያዘው። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷ እሺ ብላለች፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። አርባ ዓመት ግንበኛ የነበሩ፣ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ጣሪያውን የሚያዩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ብትወደውም፣ አባቷ ሳይመርቁ እንደማታገባ ቁርጡን ነግራዋለች።

"ምንድን ነው የምትሠራው?" አሉት፣ ልጃቸውን ሊጠይቅ ቤታቸው በሄደ ዕለት።

"ከተማ ውስጥ ጉድለት እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።"

"ማዘጋጃ ቤት ነህ?"

ማዘጋጃ ቤትስ አይደለም። ማስረዳት ሲያቅተው ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አሳያቸው። ግንበኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ባቡሩንም ዝናቡንም ከምንም አልቆጠሩትም፤ ጣታቸውን ቀጥታ ሕንፃው ሥር አሳረፉ።

"ይሄ ምን ላይ ነው የቆመው?"

"መስታወት ላይ። ምድር ቤቱ በሙሉ መስታወት ነው።"

"ምሰሶስ?"

"የለውም።"

"ወድቆ ያውቃል?"

"አራት ጊዜ።"

"ሰው አለበት?"

ደንባራው ምስሉን አቀረበላቸው። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት በዚያ በማያባራ ዝናብ ልብስ ታሰጣለች። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እዚያው ናት፤ ሕንፃው ሲወድቅም እያሰጣች ነው አብራ የምትወርደው። ሰባት ዓመት ሲያያት አንድ ቀን አስቧት አያውቅም።

"ደህና ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?"

ልጅቷ እግሩን በእግሯ ነካችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው። እሱ ግን ውሸት አይሆንለትም።

"እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!" አለች ልጅቷ።

"ሰው ያለበት ቤት ጨዋታ የለውም።" ግንበኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "አራት ጊዜ ለወደቀ ፎቅ ለፈረመ ሰው ልጄን አልሰጥም። በቃ።"

ሰኞ ደንባራው ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ሳይነካ ጉድለት መዘገበ፦ "ሕንፃው ምሰሶ የለውም። ሰዎች ይሞታሉ።" አለቃው ሲያነበው ደም ሥሩ ተገታተረ።

"ካልወደቀማ ስድስተኛ ክፍል ከየት ሊመጣ ነው?"

"ይውደቅ። ሰዎቹ ግን ይውጡ።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ለምሳሌ።"

አለቃው ትክ ብሎ አየው። አምስተኛው ክፍል ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለ ደንባራው ፊርማ ደግሞ አይወጣም። ደንባራው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አልፈርምም አለ። ቢለምኑት ጆሮ ዳባ ልበስ፤ እናባርርሃለን ቢሉትም ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ "እንደ ፍጥርጥርህ" ብለው ሕንፃውን የሚያስተካክልለት አንድ ሠራተኛ ሰጡት። ጉዱ የታየው ያኔ ነው፤ ለካ የሕንፃው በር ሥዕል ነው! ደንባራው ሰባት ዓመት ገፍቶት፣ አልከፈት ሲለው "ደህና ነው" ብሎ ፈርሞበታል። በሩን ለማስከፈት ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ደረጃም አልነበረም፤ ደረጃ ሠሩ።

በሁለተኛው እሑድ ላፕቶፑን ይዞ ግንበኛው ቤት ተመልሶ ሄደና አዲሱን ክፍል ከፈተላቸው። ጠላት መጣ። ደወል ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰዎቹ እየተጋፉ ወደ ዝናቡ ወጡ። ያቺ ሴት እርጥብ ልብሷን ታቅፋ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። ከዚያ ሕንፃው ወደቀ።

ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን ስታያቸው እያለቀሱ ነው።

"በሃያ ስምንት ዓመቴ የገነባሁት ግድግዳ ወድቋል" አሉ። "ሁለት ሰዎች ሥሩ ነበሩ። መሰንጠቁን ጠዋት አይቼዋለሁ። እስከ ማታ ይቆያል ብዬ ነው ውጡ ያላልኳቸው።"

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። ደንባራው ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ፣ "ተው፣ አትዝጋው" አሉት። መንገዱ ላይ የቆሙትን ሰዎች ቀረብ ብለው አዩ።

"እነዚህ ዛሬ የት ነው የሚያድሩት?"

ይህን ማንም አላሰበበትም።

"ነገ ቢሮ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ትጠይቃለህ። መጀመሪያ የሠርጋችሁን ቀን እንቁረጥ" አሉና፣ ዐይናቸውን ከሰዎቹ ላይ ሳያነሱ ለልጃቸው ወንበር ሳቡላት።