ከአንገትጌው የሚጀመር ጸሎት

የሰፈሩ ሰው «ተኳሿ» ይላታል። ጠመንጃ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው በልብስ ንጽህና ቤቱ የኋላ ክፍል የሰው ሸሚዝና ቀሚስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንገትጌ ትጀምራለች፣ ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ወደ እጅጌ ታልፋለች፣ ሰፊውን ጨርቅ ለመጨረሻ ታቆየዋለች። ጸሎቷም በዚሁ ተራ ነው የሚሄደው።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመች ሰባት ዓመት አልፏታል። ከማንም አልተጣላችም። ሦስት እሑድ ታመመች፣ የት ጠፋሽ ያላት ሰው አልነበረም፣ በአራተኛው ድና ቤቷ ቀረች። አምላኳን ግን አልተወችም። ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ቁጥር ታይና «ጌታዬ፣ የአርባ ሁለት ቁጥርን ባለቤት አስብ» ትለዋለች። አንገትጌው ላይ ስለ አንደበቱ፣ ትከሻው ላይ ስለ ሸክሙ፣ እጅጌው ላይ ስለ እጁ ሥራ ትለምናለች። ያለ ካውያ እንዴት እንደሚጸለይ ግን ከረሳች ቆይታለች።

ይህን የምታውቀው ታላቅ እህቷ ብቻ ነች። እህትየው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ፣ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ስትሆን፣ «የእኔ እህት በእንፋሎት ነው የምትጸልየው» እያለች ስትስቅባት ኖራለች። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶ ለሐሙስ ኦፕራሲዮን ስትቀጠር ግን፣ ማኅበርተኞቿን ከሆስፒታል ክፍሏ አስወጥታ የተኳሿን እጅ ያዘች።

«እነሱ ለመዳኔ ይጸልዩልኛል። አንቺ ለፍርሃቴ ጸልዪልኝ። እነሱ ፊት ፈራሁ ማለት አልችልም።»

ተኳሿ እሺ አለች፤ የሌሊት ልብስሽን ላኪልኝ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አንቺ ስትገቢ እኔ እተኩሰዋለሁ አለቻት።

የእህትየው ልጅ ሰማያዊ፣ ነጭ ቁልፍ ያለው የሌሊት ልብስ አመጣች። ቁጥሩ ስድሳ ሦስት ሆነ። የሚቀጥለው ደንበኛ ያስገባው ስድሳ አራት ቁጥርም ሰማያዊ፣ ነጭ ቁልፍ ያለው የሌሊት ልብስ ነበር፤ ገበያው የሚሸጠው ያንኑ ነውና። ተኳሿ መርፌ ቁልፉ አንገትጌውን እንዳይወጋው ቁጥሩን ነቅላ ሽርጧ ደረት ላይ መሰካት ልማዷ ነው። ሐሙስ ዕለት ሐሳቧ ሆስፒታል ስለነበር የሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነቀለች።

አራት ሰዓት ሲሆን የእህቷ የመሰላትን ዘረጋች። ክርኑ ላይ በጠማማ ስፌት የተጣፈ እራፊ ስታይ ይቺ ኩሩ እህቴ ለካ የተጣፈ ትለብሳለች ብላ አለቀሰች። «ጌታዬ፣ ፍርሃቷን ውሰድላት፣ አጠገቧ ቁም» እያለች እራፊውን ደጋግማ ተኮሰችው። በአንድ ልብስ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀች። የንጽህና ቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልሰማችውም።

ከቀትር በኋላ ተደውሎ እህትሽ ከኦፕራሲዮን በሰላም ወጣች ተባለ። የእህቷ ልጅ እራፊ ያለበትን ልብስ እንደታጠፈ ወሰደች። ተኳሿ ሌላኛውን ልብስ ከደስታዋ ብዛት ሳትጸልይ ተኩሳ አጠፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጎልማሳ የስድሳ አራትን ልብስ ሊወስድ መጣ። ገልጦ አየና የእናቴ አይደለም አለ፤ የእሷ ክርኑ ላይ በገዛ እጁ የጣፈው እራፊ አለው። ተኳሿ ክው አለች። ተቀያይሮብኝ ነው፣ እህቴ ሆስፒታል ለብሳዋለች፣ ዛሬውኑ ለእናትዎ ቤት ድረስ አመጣለሁ አለችው።

«እናቴ ሐሙስ አረፈች» አላት። «ሳምንት ሙሉ ሞትን ፈርታ እጄን ጨብጣ ነበር። ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ግድም፣ ለቀቀችኝ። መጋረጃውን ክፈተው አለች። ከዚያ በኋላ እስክታርፍ አልፈራችም።» በስፌቱ ትስቅበት ስለነበር ልብሱን እንደሚፈልገው ነገራት።

የእህቷን ልብስ ይዛ ሆስፒታል እስክትደርስ ከጌታዋ ጋር ስትነታረክ ሄደች። ልብሱን ነው እንዴ የምታየው? እህቴን ብዬህ የለም ወይ? ወይስ ሴትየዋ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ልትረጋጋ ነበር? ደስ ሊላት ፈለገና እህቷን የከዳች መሰላት። ልታዝን ፈለገችና አሮጊቷ ትዝ አለቻት፣ የሰጡትን መልሶ እንደ መንጠቅ ሆነባት። መንገዷን ስታ ማዋለጃው ክፍል በር ላይ ደረሰች፤ ጥበቃው አዙሮ መለሳት።

እህትየው ትራስ ተደግፋ ያንን የተጣፈ ልብስ ለብሳለች። ማኅበርተኞቼ ደኸየች ብለው መዋጮ ሊጀምሩልኝ ነው አለች። ተኳሿ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ልብሱን፣ ሰዓቱን፣ መጋረጃውን። እህትየው ክርኑ ላይ ያለውን እራፊ በጣቷ ዳሰሰች።

«ፈርቼ ነበር» አለች። «አልጋውን ሲገፉት፣ አሁን ካውያዋን አንስታለች እያልኩ ጠበቅኩ። በመርፌ እስኪያስተኙኝ ምንም አልመጣም። ጸሎትሽ ደረሰኝ ብዬ ልዋሽሽ ነበር።»

ተኳሿ እያለቀሰች የተጣፈውን አወለቀችላትና የራሷን አለበሰቻት። ቁስሉን እንዳይነካባት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች።

«በይ እንግዲህ አሁን ጸልዪልኝ» አለች እህትየው። «ዛሬም እፈራለሁ።»

«ካውያ የለኝም እኮ፣ እትዬ።»

«እጅ አለሽ።»

ተኳሿ መዳፏን አንገትጌው ላይ አሳረፈች። ወደ ትከሻው፣ ከዚያ በእጅጌው ወደ ታች አለሰለሰችው። አንድም ቃል አልመጣላትም። ጌታዬ እንኳ ማለት አቃታት። እጅጌው ጫፍ ስትደርስ የእህቷ ጣቶች ጣቶቿን ጨበጡ። እስኪለቁ ብትጠብቅ አልለቀቁም፤ ስለዚህ በሌላው እጇ እንደገና ከአንገትጌው ጀመረች።